ክርክር፦ ለጎርፍ የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ለግንብ ይሁን ወይስ ለኮምፖስትም?

ሳቢያን፦ አቦ፣ ይህን ነገር በግልጽ እንነጋገርበት። ለጎርፍ መከላከያ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ከድሬዳዋ በላይ ላሉ ማሳዎች ኮምፖስት ይዋል ነው የምለው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድብን ከባዱ ዝናብ የወረደው ደጋው ላይ ነበር። በየገበያው ደግሞ ገረባ፣ ማለትም ከጫት የተረፈ ቅጠልና እንጨት፣ እና የአትክልት ተረፈ ምርት ተከምሮ ይበሰብሳል። ወደ መሬቱ ለምን አይመለስም?

ለገሀር፦ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ ስሌቱ ግን አይሄድም። ውሃው ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ወደ 1,200 ሜትር ግድም ነው የሚወርደው። ገደላገደሉ ላይ አፈሩ ስስ ነው፣ ሥሩ ድንጋይ። የዚያን ሌሊት ዓይነት ዝናብ ከመጣ የትኛውም አፈር ይሞላል፣ ቀሪው ይወርዳል። ሰው የሚያድነው ግንብና ክትር ነው። ከዚያ ላይ አንድ ብር አይነካ።

ሳቢያን፦ ግንቡ ይፍረስ አላልኩም። ግን ግንብ የሚጠብቀው ከተማ የደረሰውን ውሃ ነው። እኔ የማወራው ገና ሳይነሳ ስላለው ነው። ባዶ ማሳ ላይ ጠብታው ሲያርፍ የአፈሩን እንክብል ይሰብረዋል። ደቃቁ አፈር ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ሲደርቅም ቅርፊት ይሠራል። ከሥሩ ያለው አፈር ገና ደረቅ እያለ ውሃው በላዩ ይሮጣል! ኮምፖስት የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። ተህዋስያን ሲያብላሉት የሚያጣብቅ ነገር ይወጣል፣ የፈንገስ ክሮች አፈሩን ያስሩታል፣ የምድር ትልም መተላለፊያ ይከፍታል።

የማያምን ይሞክር። ብዙ ዓመት ከታረሰ ማሳ አንድ ጓል፣ ከድንበሩ ሣር ሥር ሌላ ጓል ያንሳ። በደንብ ያድርቃቸውና በሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀስ አድርጎ ይክተታቸው። ብዙ ጊዜ የማሳው ወዲያው ይናዳል፣ ውሃውም ይደፈርሳል። የሣሩ ግን አረፋ እየለቀቀ ቅርጹን ይዞ ይቆያል።

ጀጎል፦ ሐረር ሆኜ ልጨምር፣ አፈር ነው የተማርኩት። ሳቢያን ያለው ልክ ነው፤ ግን ጥሬ ገረባ ማሳ ውስጥ እንዳይቀበር። እንጨት የበዛበት ነገር ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ይሻማል፣ ማሽላው ቢጫ ይሆናል። መጀመሪያ ከፋንድያ ጋር ተደባልቆ 3 ወይም 4 ወር ይብላላ። ጫቱ ላይ የሚረጨው መድኃኒትም አለ፤ አንዳንዱ ሲብላላም አይጠፋም። በላቦራቶሪ ሳይታይ ለማንም ገበሬ አይሰጥ። እና አንዴ ተደርጎ የሚተው ነገር አይደለም፤ በቆላው ሙቀት ቶሎ ስለሚያልቅ በየጊዜው መጨመር አለበት። ለገሀርም ያለው ነገር አለ፦ እርከን በሌለው ቁልቁለት ላይ ኮምፖስቱ ራሱ ታጥቦ ደቻቱ ይገባል።

ቀፊራ፦ ቆይ፣ ፍየሎቹስ? ገረባውን እኮ ሰው ለፍየል ይገዛዋል።

ጀጎል፦ ቅጠሉን ይብሉ። የተረፈው እንጨትና በጠጣቸው ለኮምፖስት ይበቃል።

ቢዮአዋሌ፦ ልጆቼ፣ ፋንድያ ለመሬት ጥሩ መሆኑን ከአባቶቻችን ነው ያወቅነው። ችግሩ ማገዶ ነው። አገዳው ከብት ይበላዋል፣ ኩበቱ ይነድዳል። ለመሬቱ የሚተርፍ ምን አለ? አንድ ጊዜ ከከተማ ተጭኖ መጣልንና ግማሹ ፌስታል ነበር። የተሰበረ ጠርሙስ የልጄን እግር ቆረጠው። እንዲህ ያለውን ዳግም አልቀበልም።

ሳቢያን፦ አይቀበሉ፣ አባቴ። እርስዎ ፌስታል ለቃሚ አይደሉም። መለየት ያለበት እዚሁ ገበያው ውስጥ፣ ከመቀላቀሉ በፊት ነው። እኔ ገንዘቡ ለዚህ ይውጣ የምለው ለዚሁ ነው፦ ለሚለዩት ልጆች ደሞዝ፣ ለመኪናው፣ ለላቦራቶሪው። ኩበቱን ከምድጃ ማዳን ካልቻልን ከከተማው የሚወጣው ብቻ ነው ትርፍ ያለው።

ለገሀር፦ እሺ፣ ግን በቃል አልቀበልም። ይለካ።

ሳቢያን፦ አብሽር፣ ይለካል። እርከን ባለው አንድ ማሳ ግማሹ ኮምፖስት ይግባበት፣ ግማሹ እንዳለ ይቆይ። ግርጌው የተቆረጠ ጣሳ በሁለቱም በኩል ይተከል፣ እኩል ውሃ ይፍሰስ፣ እስኪሰርግ ያለው ደቂቃ ይያዝ። አንተው ራስህ ና፣ ሰዓቱን ያዝ።

ለገሀር፦ እመጣለሁ። ግን አንዴ ሳይሆን ሁለት ክረምት ይለካ።

ቢዮአዋሌ፦ የኔ ማሳ እርከን አለው። ፌስታል ከሌለበትና መኪናው እስከ ደጄ ድረስ ከመጣ ግማሹን እሰጣለሁ። ማሽላ ከመዝራቴ በፊት ግን ይድረስ፤ ከዚያ ወዲያ ቢመጣ የማፈስበት ቦታ የለኝም።