ሰሜን ኮሪያ የገባው ወታደር፦ ተበድሎ ወይስ ፈርጥጦ?

የካዛንቺሱ፦ ትናንት አንዱ ወደ ሰሜን ኮሪያ ስለገባው ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ስለ ትራቪስ ኪንግ «አሜሪካ ስታንገሸግሸው ጥሏት ሄደ፣ ጀግና ነው» ብሎ ጽፎ ላይክ ሲዘንብለት አየሁ። ኧረ በፈጠራችሁ! ልጁ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በድብድብ ታስሮ የተፈታ ነው። ወደ ቴክሳስ ሊመልሱት ኢንቾን አየር ማረፊያ ድረስ ሸኙት። አውሮፕላኑን ትቶ ሹልክ አለና በማግስቱ ከቱሪስቶች ጋር የሁለቱ ኮሪያዎች ድንበር ላይ ወዳለችው ፓንሙንጆም ሄደ። እዚያ እየሳቀ ድንበሩን በሩጫ አለፈ። ጀግንነቱ የቱ ጋ ነው?

ጉለሌ፦ ጀግና ያልኩት እኔ ነኝ፣ ቃሌንም አላጥፍም። የፒዮንግያንግ ዜና አገልግሎት «በጦሩ ውስጥ ያለው ዘረኝነት አስመርሮት ነው» ብሏል። ጥቁር ሰው የት ይሂድ?

የካዛንቺሱ፦ የት ይሂድ? ቤቱ ይሂዳ! የኪም ዜና አንባቢ ምስክር ሆኖ ቀረበልን ደግሞ።

ሚሚ ዲሲ፦ «የት ይሂድ» የሚለው እኮ የሚሳቅበት ጥያቄ አይደለም። ከኮሪያ ጦርነት በኋላ 21 አሜሪካውያን ምርኮኞች አንመለስም ብለው ቻይና ቀርተዋል። አንዱ ክላረንስ አዳምስ ነው፣ የሜምፊስ ጥቁር። ያኔ ሜምፊስ ለጥቁር ምን እንደነበረች ታውቃለህ። ቻይና ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ትዳርም ያዘ። እሱንም ፈርጣጭ ልትለው ነው?

የካዛንቺሱ፦ ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1966 ምን ሊሠራ ተመለሰ?

ሚሚ ዲሲ፦ ተመልሶ እዚያው ሜምፊስ የቻይና ምግብ ቤት ከፈተ። ሰው አገሩ መመለሱም ወንጀል ሆነ?

የሻለቃው ልጅ፦ ኮሪያን ካነሳችሁ አይቀር፣ እዚያ የዘመቱት የኛ ቃኘዎች አንድም ምርኮኛ አላስያዙም።

ጉለሌ፦ ማን ጠየቀህ ወንድሜ?

ዝምታዬ፦ አሜሪካዊውን ወታደር ጄንኪንስንስ ምን ልትሉት ነው? ነጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ቬትናም እንዳይልኩት ፈርቶ፣ ቢራውን ጠጥቶ ወደ ሰሜን ኮሪያ ተሻገረ። ክንዱ ላይ የነበረውን የአሜሪካ ጦር ንቅሳት ያለ ማደንዘዣ ቆርጠው እንዳወጡት ራሱ ተናግሯል። 39 ዓመት ቆይቶ ሲወጣ የአሜሪካ ጦር 30 ቀን እስር ፈረደበት። ከማን ነው የሚሸሸው?

ጉለሌ፦ የነጩን ታሪክ ለጥቁሩ መልስ አታድርገው።

የካዛንቺሱ፦ የጥቁሩንም ልንገርህ። ጀግናህን ፒዮንግያንግ ራሷ 71 ቀን ታግሳ፣ እኛ ደመራ ስንለኩስ አባረረችው! የተበደለ ጥቁር ለፕሮፓጋንዳ እንዴት ይጠቅማት ነበር! አልፈለገችውም። አገሩ ገብቶም መክዳቱን አምኗል።

ጉለሌ፦ አምኖስ? የአንድ ዓመት ፍርዱ ከታሰረበት ጋር ታስቦለት ያን ቀን ለቀቁት። ዳኛው ካንተ ይሻላል።

ዝምታዬ፦ የሻለቃው ልጅ፣ ቃኘውን ካነሳህ ትግላችን ሐውልትንም አንሳ። የሰሜን ኮሪያ ሰዎች ናቸው የሠሩልን። ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ቆሞልሃል።

የሻለቃው ልጅ፦ ደርግን ከቃኘው ጋር አታዳብል! መንግሥቱ ከኪም ጋር ስለተቃቀፈ አባቴን ምን አገባው?

ዝምታዬ፦ አባትህን መች አነሳሁ?

የሻለቃው ልጅ፦ ቃኘው ስትል አነሳኸው። አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ እመለስበታለሁ።