የልጄ እምብርት ደርቋል፤ «ሲስቱ ግን አለ» ተባልን። ኦፕራሲዮን የግድ ነው?

የአዘዞዋ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ጥምቀት ሰሞን እምብርቱ ቀላ፣ አበጠ፣ ከዚያ የሚሸት መግል ወጣው። ትኩሳትም ነበረው፤ ከእምብርቱ በታች ሲነኩት ይጮሃል። ጤና ጣቢያ አንቲባዮቲክ ሰጡን፤ ደረቀ፣ ግን ተመለሰበት። አልትራሳውንድ ሲነሳ «ዩራካል ሲስት» ብለው ጻፉና ቀዶ ሐኪም ይየው አሉን። አሁን ደህና ነው፤ ኳስ ይጫወታል። አያቱ «ፋሲለደስ ውኃ ውስጥ ዘሎ ነው፤ ደህና ልጅ አታስቀድጂ» ብለው መቆሚያ መቀመጫ አሳጡኝ። ምን ትላላችሁ?

የፒያሳው ልጅ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። የወንድሜም ልጅ እምብርቷ ይረጥብ ነበር፣ በራሱ ጠፋ። ትንሽ ብትጠብቂስ?

ጠቅላላ ሐኪም፦ ስንት ወሯ ነበር?

የፒያሳው ልጅ፦ 3።

ጠቅላላ ሐኪም፦ ልዩነቱ እሱ ነው። ፅንስ ሆነን ከፊኛ አናት እስከ እምብርት የሚደርስ ቀጭን ቱቦ አለን፤ ዩራከስ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከመወለዳችን በፊት ተደፍኖ እንደ ክር ይቀራል። መሃል ላይ ሳይደፈን የቀረ ቦታ ካለ ፈሳሽ ይቋጥራል፤ ሲስቱ ይህ ነው። ስለዚህ የፋሲለደስ ውኃ አላመጣውም፤ አብሮት የተወለደ ነው። ከ6 ወር በታች ያሉ ሕፃናት ላይ ችግር ካላመጣ በአልትራሳውንድ እየታየ ይጠበቃል፤ ብዙ ጊዜ ይከስማል። በ9 ዓመት ደጋግሞ የመገለ ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱ ኢንፌክሽኑን ያጠፋል እንጂ ከረጢቱን አይነካም። አልፎ አልፎ ወደ ሆድ ውስጥ ይፈነዳል። በጣም ጥቂት አዋቂዎች ላይ ደግሞ ካንሰር ይነሳበታል። ሌላው ነገር፣ እየመገለ እያለ አይወጣም፤ መጀመሪያ በመድኃኒት፣ ካስፈለገም መግሉ እንዲፈስ ተደርጎ፣ ይቀዘቅዛል። «አሁን ደህና ነው» ያልሽው ጊዜ እኮ ለቀዶው ምቹው ጊዜ ነው።

የአዘዞዋ እናት፦ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፊኛውን ይነኩታል ሲሉኝ ነው የፈራሁት።

የሁለት ልጆች እናት፦ የእኔንም ልጅ ነክተውታል፣ የኔ እህት። ከፊኛው አናት ትንሽ ቁራጭ አብሮ ወጥቶ ተሰፋ። ፊኛው እስኪያገግም ጥቂት ቀን በካቴተር (ሽንቱን ወደ ውጭ ከረጢት በሚያወርድ ቀጭን ቱቦ) ሸና፤ ዛሬ እንደማንኛውም ልጅ ነው። እኛማ በፊት አንድ ክሊኒክ ትርፍ አንጀት ነው ብሎን ነበር! ላስቲኩ የላላ ቁምጣ ያዢለት፤ የሱሪ ወገብ ልክ ስፌቱ ላይ ያርፋል። የሽንት ከረጢቱ ሁልጊዜ ከሆዱ ዝቅ ይበል።

ነርስ ከማራኪ፦ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከመሄድሽ በፊት ከጤና ጣቢያው ሪፈር አጽፊ። የጤና መድህን ካላችሁ ያለ ሪፈር ከኪስ መክፈል ይመጣል። የአልትራሳውንዱን ወረቀትና የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ካርቶን ያዢ፤ «ነጩ ክኒን» ብቻ ካልሽ አይረዳንም። እስከዚያ እምብርቱን አትጭመቂው፤ ቅቤም ቅጠልም አይነካው። ትኩሳት ከተመለሰ፣ ሆዱ ከጠነከረ ወይ ካስታወከው ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል።

የአዘዞዋ እናት፦ ሰኞ ሪፈሩን አጽፋለሁ። አያቱንም ይዣቸው ልሂድ?

ነርስ ከማራኪ፦ ይምጡ እንጂ። ሐኪሙ ራሱ ቢነግራቸው ይሻላል።

ጠቅላላ ሐኪም፦ የሚወጣው ሥጋ ለፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት) ምርመራ ይላክ እንደሆነም ጠይቂልኝ። ውጤቱን ሳትቀበዪ ፋይሉ እንዳይዘጋ።