የባሕር ዳርና የዘጌ የታንኳ እሽቅድምድም፦ እንዴት ይዳኝ?

ጠያቂ፦ የሰፈራችን ልጆች ከዘጌዎች ጋር በደንገል ታንኳ ሊወዳደሩ ነው። "ጣና የማን ነው?" የሚለው ክርክር በመቅዘፊያ ይለይ ተብሏል። ርቀቱ፣ ሰዓቱና ታንኳው እንዴት ቢሆን ለሁለቱም እኩል ይሆናል?

የጣና ዳር፦ ዋናው ነገር ታንኳው ነው። በደንብ የደረቀ ደንገል ቀላል ነው፤ ውሃ ላይ የዋለ ግን ውሃ ይጠጣና ይከብዳል። ከዋዜማው ጀምሮ ሁሉንም ታንኳ ዛፍ አስደግፋችሁ አቁሙት፤ ውሃው ወደ ታች ይንጠፍጠፍ። የላላውን ልጥ አጥብቁ፤ አለዚያ እስሩ መሃል መንገድ ላይ ይፈታል። ከአንድ ዙር በኋላ ታንኳ ተቀያየሩ። ያኔ "ታንኳው ነው የጣለኝ" የሚል አይኖርም።

የዘጌ ቡና፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይጀመር። ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፤ ማዕበሉ ደግሞ ደንገል አይምርም። ሐይቁን ማቋረጥ አይታሰብ፤ ዳር ዳሩን 300 ሜትር ሄዶ መመለስ ይበቃል። የሕይወት አድን ጃኬት ግዴታ ይሁን። ባሕር ዳሮች የለመዳችሁት የሞተር ጀልባ ስለሆነ አንደኛውን ዙር እንለቅላችኋለን።

የጣና ዳር፦ እንደ ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ ክልክል የሆነበት አገር ስለ ጉልበት ባያወራ!

ጎንደሬው፦ ጎርጎራም ጣና ላይ ናት፣ እንዳትረሱ። የ2013ቱን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ማን እንደወሰደ ደግሞ ፋሲል ከነማን ጠይቁ።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ሦስተኛ ቡድን ሆናችሁ ግቡ። ታዲያ ዳኛ ከየት ይምጣ?

የዘጌ ቡና፦ ከደብረ ታቦር። ከሐይቁ ስለራቁ አያዳሉም።