የማስታወቂያችን አማርኛ ተነቀፈብን፤ ስሕተቱን እንዴት እንለየው?

ጥያቄ | የልብስ መደብር

ጤና ይስጥልኝ። የሕፃናት ልብስ በምንሸጥበት የቴሌግራም ቻናል ላይ ጽሑፉን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። «አማርኛችሁን አስተካክሉ» የሚሉን ብዙ ናቸው፤ የቱ ጋ እንደተሳሳትን የሚነግረን ግን አልተገኘም። የዛሬውን ማስታወቂያ እንዳለ ለጥፌዋለሁ። ስሕተቱን ብቻ ሳይሆን ወደፊት ራሴ የምለይበትን መንገድ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

«ውድ ደምበኞቻችን፡፡ ለህፃናቶች የሚሆኑ አዳዲስ ልብሶች ኢትዮጲያ ገብተዋል:: ከበአል በኃላ ዋጋ ስለሚጨምር እርሶም ዛሬውኑ ይዘዙ። ክፍያ እንደደረሰኝ እቃውን በዛው ቀን እልካለው። ጥያቄ ካለህ ደውልልን፤ ደንበኞቻችን እናከብራለን።»

መልስ | የሰዋስው መምህርት

እኅቴ፣ ከሁሉም በፊት «እልካለው»ን አርሚ። «እልካለሁ» ነው። በንግግር ጊዜ የ«ሁ» ድምፅ ስለሚላላ ጆሮ «ው» ይሰማል፤ ስሕተቱ ከዚያ ይመጣል። «አመሰግናለው»፣ «እመጣለው»፣ «መጥቻለው» የሚባሉትም ያው ናቸው። ይህ የፊደል ምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ ባለቤቱን ይለውጣል። «ገዛሁ» ማለት እኔ ገዛሁ ነው፤ «ገዛው» ደግሞ እሱ ያንን ነገር ገዛው። «አለሁ» እዚህ ነኝ፤ «አለው» እሱ ንብረት አለው።

ብዙ ሰው «እኔ የሚል ካለበት ሁልጊዜ ሁ ነው» ብሎ ይመክራል። አይሠራም። «እኔ የምልከው ዕቃ» ትክክል ነው፤ ባለቤቱ እኔ ሆኖ ሳለ መጨረሻው «ው» ነው። የተሻለው መፈተኛ ቃሉን ወደ «እኛ» መለወጥ ነው። «እልካለሁ» ሲለወጥ «እንልካለን» ይሆናል፤ መጨረሻው ወደ «ን» ተቀየረ፣ ስለዚህ «ሁ» ነበር። «የምልከው» ሲለወጥ «የምንልከው» ነው፤ «ው» ከቦታው አልተነቃነቀም፣ ስለዚህ «ው» ነው። «አውቀዋለሁ» ላይ ሁለቱም አሉ፦ «እናውቀዋለን» ስትይ መሐል ያለው «ዋ» ይቀራል፣ የመጨረሻው ብቻ ይቀየራል።

መልስ | የማተሚያ ቤት አራሚ

እኔ ደግሞ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ላንሣ። «ደንበኞቻችን እናከብራለን» የሚለው አንድ «ን» ጎድሎታል። «ደንበኞቻችን» ላይ ያለው «ን» የ«የእኛ» ምልክት እንጂ የተሳቢ ምልክት አይደለም። የሚከበሩት እነሱ ስለሆኑ ሌላ «ን» መጨመር አለበት፦ «ደንበኞቻችንን እናከብራለን»። ሁለት «ን» ሲደረደር ዐይን ስሕተት ይመስለዋል፤ የስልክ ማረሚያም አንዳንዴ ከሥሩ ያሰምርበታል። አትስሚው። «ሀገራችንን»፣ «ልጆቻችንን»፣ «ቤታችንን» ሁሉም እንዲሁ ናቸው።

ከዚያ የአክብሮቱ ነገር አለ። በ«ውድ ደንበኞቻችን» ለብዙ ሰው ጀመርሽ፣ «ይዘዙ» ላይ እርስዎ አልሽ፣ «ካለህ ደውልልን» ስትይ ለአንድ ወንድ ሆነ። የልጆች ልብስ ለሚገዙ እናቶች «ካለህ» ማለት ደግሞ በጣም ያሳዝናል። ከሦስቱ አንዱን መርጠሽ እስከ መጨረሻ ያዢው። ለቻናል እኔ የምመርጠው እናንተን ነው፤ «እዘዙ፣ ካላችሁ፣ ደውሉልን» ሴትንም ወንድንም ያካትታል። እርስዎን ከመረጥሽ «ይዘዙ፣ ካለዎት፣ ይደውሉልን» ይሆናል። «እልካለሁ» እና «እናከብራለን»ም አይስማሙም፤ ወይ እኔ ወይ እኛ።

«እርሶ» የሚባል ቃል የለም፤ «እርስዎ» ነው። በዚሁ መንገድ «ስልኮት» ሳይሆን «ስልክዎ»፣ «ቤቶት» ሳይሆን «ቤትዎ»፣ «እባኮት» ሳይሆን «እባክዎ»።

«ህፃናቶች» በ«ሕ» ነው የሚጻፈው፤ ድርብ ብዙ ቁጥርም ነው። «ሕፃናት» በግእዝ አበዛዝ አስቀድሞ በዝቷል። ወይ «ሕፃናት» ወይ «ሕፃኖች» በዪ። ቃላት ወይም ቃሎች፣ መጻሕፍት ወይም መጽሐፎች፣ መምህራን ወይም መምህሮች።

መልስ | ኪቦርድ አዋቂ

«ኢትዮጲያ» የኪቦርድ ጣጣ ነው። በላቲን ፊደል ድምፅ በሚያስጽፍ ኪቦርድ ከ«ያ» በፊት «ኢ» የሚል ድምፅ ስለሚሰማችሁ «አይ»ን ትነካላችሁ፤ እሷ ፊደሉን ወደ ሣልስ ወስዳ «ጲ» ታደርገዋለች። የሚፈለገው ሳድሱ «ጵ» ነው፤ አናባቢ ሳትጨምሩ በቀጥታ ወደ «ያ» እለፉ።

«በኃላ» ደግሞ «በኋላ» ነው። «ኃ» እና «ኋ» በትንሿ ስክሪን ይመሳሰላሉ እንጂ ድምፃቸው የተለያየ ነው፤ «ኋ» ከንፈር ያስሞጠሙጣል። «ኃላፊ» እና «ኃይል» በ«ኃ»፣ «ኋላ» እና «ወደ ኋላ» በ«ኋ»። ፊደሉን ኪቦርድሽ ላይ ካጣሽው «በኋላ» የሚለውን ከዚህ ቀድተሽ በስልክሽ የግል መዝገበ ቃላት ውስጥ በአጭር ምልክት አስቀምጪው።

ሥርዓተ ነጥብሽ ሦስት ዓይነት ነው፦ ሁለት የላቲን ኮለን፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ሁለት ነጥብ፣ እና ትክክለኛው አራት ነጥብ። ለዐይን አንድ ይመስላሉ፤ ለኮምፒውተር ግን አራት ነጥብ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው። ፈልጎ መተካት ስትጠቀሚ ወይም ጽሑፉን በዐረፍተ ነገር ስትከፍይ ሌሎቹን ያልፋቸዋል። ነጥቡን ከቃሉ ጋር አጣብቂው፤ ክፍት ቦታው ከነጥቡ ቀጥሎ ነው። አለበለዚያ ነጥቡ ብቻውን ወደ ታችኛው መስመር ይወርዳል።

መልስ | ተሳታፊ

በ«ሀ» እና «ሐ» ሰውን አታስጨንቁ። ድምፃቸው አንድ ነው፤ ማንም «ህፃናት»ን አንብቦ ሳይገባው አይቀርም።

መልስ | የማተሚያ ቤት አራሚ

መግባቱስ ይገባል፤ ለዚህም ነው «እልካለው»ን ያስቀደምነው። ግን ስሕተቶቹ እኩል አይደሉም ማለት የፊደሎቹ ልዩነት አይረባም ማለት አይደለም። በግእዙ «ሰረቀ» ማለት የሰው ንብረት ወሰደ ነው፤ «ሠረቀ» ደግሞ ወጣ፣ ፀሐይ እንደምትወጣው። «ትምህርት» በ«ህ» የሚጻፈው «መሀረ» አስተማረ ስለሆነ፣ «ምሕረት» በ«ሕ» የሚጻፈው «መሐረ» ይቅር አለ ስለሆነ ነው። ዓመተ ምሕረትን በ«ህ» የሚጽፍ ሰው ሁለቱን ቀላቀለ ማለት ነው።

ቃል በቃል መሸምደድ ግን ያደክማል። ቤተሰቡን ያዢ። «ጽሑፍ»ን ካወቅሽ መጽሐፍ፣ ጸሐፊ፣ መጻሕፍት አብረው መጡልሽ። «ሥራ»ን ካወቅሽ ሠራተኛ፣ መሥሪያ ቤት፣ አሠራር። በልብስ ንግድ የሚደጋገሙትን ብቻ በአንድ ወረቀት ጽፈሽ ጠረጴዛሽ ላይ ለጥፊ፦ ዕቃ፣ በዓል፣ ዓመት፣ ዓይነት፣ ሕፃን፣ ሠርግ፣ ሥራ። የተጠራጠርሽውን ቃል በ1962 ዓ.ም. በታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ማየት ትችያለሽ።

«ደምበኛ» ከዚህ የተለየ ነው። «ን» ከ«በ» ፊት ሲመጣ አፍ «ም» ይለዋል፤ ጽሕፈቱ ግን በ«ን» ነው፦ ደንበኛ፣ ወንበር፣ አንበሳ።

መልስ | ኪቦርድ አዋቂ

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ የፍለጋ ሣጥኖች «ህ»፣ «ሕ» እና «ኅ»ን ሦስት የተለያዩ ፊደሎች አድርገው ነው የሚያዩት። «የህፃናት ልብስ» ብሎ የሚፈልግ ደንበኛ «የሕፃናት ልብስ»ን ላያገኝ ይችላል። ዋናውን ጽሑፍ በትክክለኛው ጻፊና ከታች ባለው ሃሽታግ ላይ ሁለቱንም አጻጻፍ አስገቢ።

ጠያቂዋ

እጅግ አመሰግናለሁ። እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፤ አንድ ዐረፍተ ነገርም ጨምሬያለሁ።

«ውድ ደንበኞቻችን፣ ለሕፃናት የሚሆኑ አዳዲስ ልብሶች ኢትዮጵያ ገብተዋል። ለገና የሚሆኑት ገና ናቸው። ከበዓል በኋላ ዋጋ ስለሚጨምር ዛሬውኑ እዘዙ። ክፍያ እንደደረሰን ዕቃውን በዛው ቀን እንልካለን። ጥያቄ ካላችሁ ደውሉልን፤ ደንበኞቻችንን እናከብራለን።»

መልስ | የሰዋስው መምህርት

ጥሩ ነው። «በዛው» የንግግር ነው፤ ስትጽፊ «በዚያው» በዪ። ሁለቱ «ገና»ዎች ግን አንባቢን ያደናቅፋሉ። የበዓሉ ስም ሲነበብ «ና» ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል፤ ፊደላችን ደግሞ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱን በሌላ ቃል መተካት ነው መፍትሔው፦ «ለገና በዓል የሚሆኑት እስካሁን አልገቡም»። የሚገቡበትን ቀን ካወቃችሁት እሱኑ ጻፉት፤ ለገዢው ከዚያ የሚበልጥ የለም።