ልጆቹን ለቡሄ ደብረ ብርሃን ወስደናቸው ነበር

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው አንዲት እህት «ልጄን ፒያኖ ላስመዝግበው ወይስ ክራር?» ብላ ጠይቃ ነበር። መልሴ ስለረዘመ ለብቻው ጻፍኩት።

እኛ ያለነው ሙኒክ ነው። ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 6። ወንዱ ሁለት ዓመት ቫዮሊን ተምሯል፣ ሐሙስ ሐሙስ ግማሽ ግማሽ ሰዓት። አስተማሪው ጎበዝ ነው፣ ልጁም አይጠላውም። ግን ለማን ነው የሚጫወተው? እኔና አባቱ ደክመን እንገባለን፣ «ተለማመድክ?» እንላለን፣ በቃ። ክራርንም በዙም ሞክረን ነበር፣ እኛ ቤት ግን አልያዘም።

ገናን አገር ቤት እናክብር ስንል ዓመታት ሄዱ። አይሆንም። እዚህ ባቫሪያ የታኅሣሥ ዕረፍት ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ልክ የእኛ ገና ሲደርስ ነው፣ ልጅን ያለ ፈቃድ ከትምህርት ቤት ማስቀረት ደግሞ ያስቀጣል። ቡሄ ግን ነሐሴ 13 ነው፣ በፈረንጅ ኦገስት 19፣ ያኔ ልጆቹ ረጅሙ ዕረፍት ላይ ናቸው። ስለዚህ ቡሄን እናቴ ቤት፣ ደብረ ብርሃን አልን።

ብርዱን ረስቼው ነበር። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፣ ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ነሐሴ ላይ ጉሙ እስከ ረፋድ አይገፈፍም። ትንሿ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ስትሮጥ ትንፋሿ ያጥራት ነበር፣ ቀስ እያለች ለመደችው። ሹራብ፣ ወፍራም ካልሲና የዝናብ ቦቲ ያዙ። ደግሞ ቡሄ የሚውለው በፍልሰታ ጾም መሃል ነው፣ ቺዝና እንቁላል ብቻ የሚበላ ልጅ ካላችሁ ቀድማችሁ ሽሮ አስለምዱት።

እኛ ስንደርስ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ማጮህ ጀምረዋል። የወንድሜ ልጅ ለልጄ ጅራፍ ገመደለት። መጀመሪያ ቀን ጫፉ ዞሮ የራሱን ጆሮ ገረፈው፣ አለቀሰ። በአራተኛው ቀን ግን «ጧ!» አለለት። ያን ቀን ፊቱን ብታዩት!

ማታ ችቦ ሲበራ እናቴ ሁለቱንም ጋቢ ውስጥ አስገብታ የከተማዋን ስም ነገረቻቸው፤ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ የወረደ ብርሃን አይቶ እንደቆረቆራት። እኔም ልጅ ሆኜ የሰማሁት እዚያው ደጃፍ ላይ ነው።

ሆያ ሆዬ ላይ ወንዱን አማርኛው አይበቃውም ብዬ ሰግቼ ነበር። አውራጁ ግጥሙን ያወርዳል፣ ሌላው ዱላውን መሬት እየመታ «ሆ!» ይላል። «ሆ» ለማለት ደግሞ ጆሮ እንጂ ቋንቋ አያስፈልግም። በሁለተኛው ቀን ግን እያንዳንዱን ስንኝ «ምን ማለት ነው?» እያለ ያደርቀኝ ጀመር። ሁለት ዓመት ቤት ውስጥ በአማርኛ መልስልኝ ብዬ የለመንኩት ልጅ!

ክራሩንም እዚያው ገዛን፣ አንድ የጎረቤት ልጅ ያሳየው ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ አራቱን ቅኝት አሰማው። አንድ ቀን ጎረምሳው ቀንበሩ ላይ ክሩን እያዞረ ሲቃኝ ልጄ «ሦስተኛው ዝቅ ብሏል» አለ። ጎረምሳው መታ አደረገውና «እውነቱን ነው!» አለ። ያ ጆሮ ከቫዮሊን የመጣ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ አትምረጪ። የጀመረው ካለ እሱን ይቀጥል፣ በላዩ ሌላ የቅዳሜ ክፍል አትጨምሪበት፣ ያንን ገንዘብ ለትኬት አጠራቅሚው። ልጄ አሁን እሁድ እሁድ በስልክ ለአያቱ ሆያ ሆዬን በቫዮሊን ይጫወትላታል፣ ተለማመድ የሚለው የለም።

ስትመለሱ ክራሩን ክሮቹን አላልታችሁ በእጃችሁ ያዙት። ቆዳ ስላለበት የምትገቡበትን አገር የጉምሩክ ደንብ ቀድማችሁ ጠይቁ። የውጭ ፓስፖርት ላላቸው ልጆች ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካወጣችሁ ቪዛ አያስፈልግም። መንዝ ጓሳ ሄደን ጭላዳ ዝንጀሮ ልናሳያቸው አስበን ነበር፣ ወንድሜ «መንገዱ አሁን አይመችም» አለን፣ ቀረን። የአገሩን ሰው ስሙ።

አንዲት እናት ከታች፦ እግዜር ይስጥሽ። የእኔዋ 7 ዓመቷ ነው፣ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። ወንዶቹ ሆያ ሆዬ ሲሉ እሷ ብቻዋን ቁጭ እንዳትል ፈራሁ።

መልስ፦ እኔም ስለ ትንሿ የፈራሁት ይሄንኑ ነው፣ የሴቶቹ አበባየሆሽ ሳይደርስ መመለሳችን አሁንም ይቆጨኛል። እናቴ ግን ሥራ ሰጠቻት። ሙልሙሉን በሌማት አስይዛ በር ላይ አቆመቻት፣ ለጨፋሪ ሁሉ የምታድለው እሷ ሆነች። መጀመሪያ ለወንዶቹ ሁሉ «እንቺ» ትል ነበር፣ አያቷ እሷን የምትላት እንደዚያ ስለሆነ። ልጆቹ ሳቁ፣ አንዱ «እንካ በይኝ» አላት። ከሰዓት በኋላ ከጓዳ ሆኜ ስሰማት «እንካ፣ እንካ፣ አንተ ወስደሃል!» እያለች ነበር።