ኢንዛይሙ አልሠራ አለኝ፤ ችግሩ ቆሽቴ ነው ወይስ ጉበቴ?

ሰላም፣ ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። የጉበት ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ የሚይዝበት በሽታ) አለብህ ከተባልኩ 2 ዓመት ሆኖኛል። አሁን ደግሞ ክብደቴ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ ቀበቶዬን በምስማር ሁለት ጊዜ በስቼዋለሁ። ሰገራዬ (ይቅርታ፣ ግን ሳልናገር አይሆንም) ገርጣ ያለና ውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ነው፤ ሁለት ጊዜ ውኃ ለቅቄበት እንኳ ዘይት ነገር ሳህኑ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

በሰገራ ምርመራ ኢላስቴዝ (ቆሽት የሚያመነጨው ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም) 140 ወጣ። ከ200 በታች ከሆነ ቆሽት በቂ ኢንዛይም ላያመነጭ ይችላል ተባልኩና 25,000 ዩኒት ሊፔዝ (ቅባት የሚፈጭ ኢንዛይም) ያለው እንክብል ታዘዘልኝ። ሦስት ሳምንት ዋጥኩ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ለካ እኔ የምወስደው በልቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው! ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር መሆን እንዳለበት ማንም አልነገረኝም።

የጉበት ሐኪሜ ደግሞ ሌላ ነው የሚሉት። ጉበት ሲጎዳ ወደ አንጀት የሚወርደው ሐሞት ስለሚያንስ፣ ቆሽቱ ደህና ሆኖም ቅባት ሳይፈጭ ሊያልፍ ይችላል አሉኝ። በዚያ ላይ ናሙናውን የሰጠሁት ተቅማጥ ይዞኝ ሳለ ነው፤ ውኃ የበዛበት ሰገራ ደግሞ ቁጥሩን ያለአግባብ ዝቅ ያደርገዋል።

እንዲህ የገጠመው ሰው አለ? ምርመራውን ላስደግም ወይስ መጀመሪያ እንክብሉን በደንቡ ልሞክር? ከቅባት ጋር ወደ ሰውነት የሚገቡት ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬስ በደም ታይተውላችሁ ያውቃሉ? ቅባት እርግፍ አድርጌ ልተው ብዬም ነበር፤ ግን ከዚህ በላይ ከሳሁ ምን ልተርፍ ነው? ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፣ እባካችሁ ምን ብዬ ልጠይቃቸው?