ከማንጎ ፍሬ በሠራነው ከሰል የማቅለሚያ ውኃችን አልጠራም፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ባለ ማቅለሚያዋ፣ አርባ ምንጭ
ሰላም ለሁላችሁ። ለሸማኔዎች የጥጥ ክር የምናቀልም ትንሽ ቡድን ነን። የምንጠቀመው ሪአክቲቭ የሚባለውን፣ ከጥጥ ጋር በኬሚካል የሚተሳሰር ቀለም ነው፤ ከጨውና ቀለሙ ክሩን እንዲይዝ ከሚጨመረው ነጭ ዱቄት፣ ከሶዳ አሽ ጋር። በአንድ ዙር 10 ኪሎ ክር አቅልመን 200 ሊትር ያህል ቀይ ወይም ሰማያዊ ውኃ እንደፋለን። ቦያችን ወደ ኩልፎ ወንዝ ይወርዳል፤ ኩልፎ ደግሞ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ሰው ዓሣ የሚያጠምደው ከዚያ ነው፤ ዝም ብለን ማየት አልቻልንም። ከፍራፍሬ ተረፈ ምርት የሚሠራ አክቲቬትድ ካርቦን የሚሉት ልዩ ከሰል ቀለም ይይዛል ሲባል ሰማንና ከጁስ ቤቶች የማንጎ ፍሬና የሙዝ ልጣጭ ሰበሰብን። ክዳን ባለው በርሜል አክስለን፣ ወቅጠን፣ ውኃው ውስጥ ጨመርነው። ውኃው ጠቆረ። ሲጠልል ግን ቀይነቱ እንዳለ ነው። የጎደለን ምንድን ነው?

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህር
እህቴ፣ የሠራችሁት ገና ተራ ከሰል ነው። ልዩነቱ ያለው ቀዳዳው ላይ ነው። ጥሩ አክቲቬትድ ካርቦን በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ፣ የአንዷ ግራም የውስጥ ገጽ ቢዘረጋ ከ500 እስከ 1500 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ቀለሙ የሚጣበቀው እዚያ ላይ ነው። በበርሜል የከሰለ ፍሬ ግን አብዛኛው ቀዳዳው አልተከፈተም፤ የተከፈተውም በጭሱ ዝፍት ይደፈናል።

የሚከፈትበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ከ800 ዲግሪ በላይ በእንፋሎት ነው፤ እሱ ለእናንተ ከባድ ነው። ሌላው ከመክሰሉ በፊት ኬሚካል ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፍሬ ፎስፎሪክ አሲድ ይመቻል። ፍሬው ደርቆ ይፈጫል። በክብደት ከፍሬው ጋር እኩል የሆነ አሲድ በውኃ ቀጥኖ ይጨመርበትና ያድራል። ከዚያ ደርቆ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ያህል ይከስላል። በመጨረሻ የሚወርደው ውኃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ከዚያ ሲያንስ አሲድ ነው) 6 እስኪጠጋ ድረስ በሙቅ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። እጥበቱ ያሰለቻል፤ ግን አትዝለሉት። አሲዱ ካልወጣ ቀዳዳው አይከፈትም።

የሙዝ ልጣጩን ተዉት። አመዱ ይበዛል፣ ከሰሉም ይፈረፈራል። የማንጎው ጠንካራ ቅርፊትና የአቮካዶ ፍሬ ይሻላሉ።

መልስ፦ የላብራቶሪ ቴክኒሺያን
መምህሩ ያሉት ልክ ነው። ግን እባካችሁ ግቢ ውስጥ እንዳትሞክሩት! ሲግል የሚወጣው የአሲድ ጭስ ሳንባ ይጎዳል፤ በርሜሉንም ይበላዋል። ፈርነስ (ከፍተኛ ሙቀት የሚሰጥ የላብራቶሪ ምድጃ) እና ጭስ መሳቢያ ያለው ላብራቶሪ ያስፈልጋል። እዚያው ከተማችሁ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የኬሚስትሪ ወይም የኬሚካል ምህንድስና ክፍሉን አነጋግሩ። የመመረቂያ ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋም።

ስትሄዱ ግን ሙከራው በራሳችሁ ውኃ እንዲሆን አጥብቃችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ጥናቶች የሚሠሩት ሜቲሊን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ቀለም ነው። እሱ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ ካርቦን ላይ በቀላሉ ይለጠፋል፤ ውጤቱም ያምራል። የእናንተ ሪአክቲቭ ቀለም ኔጌቲቭ ነው፣ ሞለኪውሉም ትልቅ ነው። በፎስፎሪክ አሲድ የተሠራ ካርቦን ደግሞ ሶዳ አሽ ባለበት ውኃ ውስጥ ገጹ ኔጌቲቭ ይሆናል። ሁለቱ ይገፋፋሉ። የእናንተ ውኃ ፒኤች 10 ወይም 11 ሳይሆን አይቀርም። አንዱን ናሙና ወደ 6፣ ሌላውን ወደ 3 አውርዳችሁ አወዳድሩ። ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ባለ ማቅለሚያዋ
በጣም አመሰግናለሁ። ሰኞ ሄደን እንጠይቃለን። መለኪያ መሣሪያ ግን የለንም፤ በዓይን መገመት ይቻላል? ለ200 ሊትርስ ስንት ካርቦን ይበቃል?

መልስ፦ ጡረተኛ ቀለም ነካሪ
ልጄ፣ ይቻላል። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ቀለም ፊት ዓይን ታማኝ መሣሪያ ነው። እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ፒኤቹን ያስተካከልሽውን የቀለም ውኃ በንጹሕ ውኃ በግማሽ አቅጥኚ፤ እሱን እንደገና በግማሽ፤ እንዲህ እያልሽ አምስት ብርጭቆ ድረስ። በነጭ ወረቀት ፊት ደርድሪያቸው። መሰላልሽ ይህ ነው። ቀጥሎ አምስት ባዶ ሃይላንድ አምጪና እያንዳንዱ ውስጥ ግማሽ ሊትር ያንኑ ያስተካከልሽውን ውኃ ጨምሪ። አንዱን ያለ ካርቦን ተዪው፤ ሌሎቹ ላይ ግማሽ፣ አንድ፣ ሁለትና አራት ግራም አድርጊ። አንድ ሰዓት እያናወጥሽ ቆዪና አሳድሪው። ጠዋት የጠለለውን ብቻ ቀድተሽ ከመሰላሉ ጋር አስተያይው። የካርቦን ብናኝ ከገባበት ዓይን ይሳሳታል።

ስለ መጠኑ፣ በምሳሌ ልንገርሽ። 10 ኪሎ ክር በሁለት በመቶ ስታቀልሚ 200 ግራም ቀለም ትጠቀሚያለሽ። ሩቡ ክሩን ሳይዝ ቀረ እንበል፤ 50 ግራም ነው። አንድ ግራም ካርቦን 50 ሚሊግራም ቀለም ከያዘ አንድ ኪሎ ካርቦን ያስፈልግሻል። ከደረቀ ፍሬ የሚገኘው ካርቦን ደግሞ ሲሶ ያህል ነው። ስለዚህ በየዙሩ ሦስት ኪሎ ደረቅ ፍሬ ማለት ነው። ብዙ ነው፤ በዚያ ላይ አሲዱ አለ።

ለዚህ ነው ሁሉንም ውኃ በካርቦን ለማጥራት አትሞክሩ የምለው። ቀለሙ የሚበዛው መቅለሚያው ውኃና የመጀመሪያው እጥበት ላይ ነው። እነሱን ለይታችሁ፣ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ገንዳ ሠርታችሁ፣ ወለሉን ወፍራም ላስቲክ አልብሳችሁ ፀሐይ ይምጠጣቸው። አርባ ምንጭ ፀሐይ ቸግሮት አያውቅም፤ ዝናብ ሲመጣ ብቻ መጠለያ አብጁለት። ካርቦኑን ለኋለኛው ፈዛዛ እጥበት አቆዩት። የመጨረሻውን እጥበት ውኃም ለሚቀጥለው ዙር የመጀመሪያ እጥበት መልሳችሁ ብትጠቀሙበት የምትደፉት ይቀንሳል። እኔ ብሆን ከዚህ ነው የምጀምረው፤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

መልስ፦ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ
አባታችን ባሉት እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ካርቦን ጨው አይይዝም። ውኃው ኩልል ቢልም ጨውና ሶዳው እዚያው አለ። ንጹሕ መሰለን ብላችሁ ሙዝ ማሳ እንዳታጠጡበት፤ አፈሩ ጨዋማ ይሆናል። የገንዳው ሐሳብ ጥሩ የሆነውም ለዚህ ነው። ጨዉ ደርቆ ይቀራል፤ ጠርጋችሁ በጆንያ ታስቀምጡታላችሁ።

ባለ ማቅለሚያዋ
አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ገንዳውን በዚህ ሳምንት እንጀምራለን። ቀለም የጠገበውን ካርቦንስ? ጎረቤቶቻችን ለምድጃ ስጡን ይላሉ።

መልስ፦ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ
አትስጧቸው። አንዳንድ ሪአክቲቭ ቀለም፣ በተለይ ተርኳይዙ፣ መዳብ አለበት። ሲነድ ጭሱ ምግብ ላይ ያርፋል፣ መዳቡም አመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ያ አመድ ደግሞ ጓሮ ይደፋል። አድርቃችሁ ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ አከማቹት፤ ላዩ ላይም ምን እንደሆነ ጻፉበት። የት እንደሚወገድ የከተማችሁን የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ በደብዳቤ ጠይቁ። የቀለሙን ካርቶን አትጣሉት፤ የቀለሙ ስምና ቁጥር ያለው እሱ ላይ ነው፣ ዩኒቨርሲቲውም ይጠይቃችኋል።